ለአጎቴ የተነገረው ሕመሜ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ለዓመታዊ ምርመራዬ ሄጄ፣ አንድ ልጅ እግር ሐኪም የጭንቅላቴን ፊልም ትኩር ብሎ አየና «ቤተሰብ አብሮዎት መጥቷል?» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ለእኔው ንገረኝ፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አልኩት። ምስኪን፣ ክው አለ። ጠቤ ከሱ ጋር አልነበረም።

ከአጎቴ ጋር ነው። ወላጆቼ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወንጂ የሸንኮራ ቆራጮች ካቦ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቀኝ ዓይኔን ጭጋግ ያዘው። ሸንኮራው ሊቆረጥ ሲል የሚቃጠልበት ወቅት ስለነበር ጥላሸት ገብቶብኝ ነው ብዬ በውሃ ሳጥበው ሰነበትኩ። በፋሲካ ሰሞን ራስ ምታቱ ሲብስብኝ አጎቴ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ እሱን ብቻ አስገባ። ሲወጣ «ካንሰር አይደለም፤ እግዜር ይመስገን» አለኝ። ስንመለስ ሞጆ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ብርቱካን ገዝቶ እየላጠ አጎረሰኝ። ቤት ስንደርስ በግ ታረደ፣ ጎረቤቱ እልል አለ። እኔ ሞኟም ጨፈርኩ።

ክረምቱ አልፎ ለመስቀል ዓይኔ ጨርሶ ጨለመ። ተመልሰን ሄድን፤ ያን ቀን ግን ማንም ሳይጠራኝ ተከትዬ ገባሁ። ሐኪሙ አጎቴን ገላመጠው። ለካ በፋሲካ ሰሞን ሁሉንም ነግሮት ኖሯል፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ዕጢ ካንሰር ባይሆንም አጥንቱ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፣ የዓይኗንም ነርቭ ጠምጥሞ ይዟል፣ ቶሎ ካልወጣ ዓይኗ ይጠፋል ብሎ። አጎቴ «ካንሰር አይደለም» የምትለዋን ብቻ ይዞልኝ መጣ። ሌላውን ዋጠው።

«እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» አለ ለሐኪሙ፣ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል።

«ጋሼ፣ ድንጋጤው የእኔ ነበር» አልኩት። ወደ ሐኪሙም ዞሬ፣ «እርስዎስ? የታመመው ጭንቅላት የእሳቸው ነው እንዴ?»

ሐኪሙ የቀዶ ጥገናዬን ቀጠሮ መጻፍ ጀመረ።

ቀዶ ጥገናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ዕጢውን አወጡት፤ ትልቁ የደም ሥር ላይ የተጣበቀችውን ቁራሽ ግን ብትነካ ልጅቷን ትገድላለች ብለው ተዉአት። ዓመት በዓመት የምታመላልሰኝ እሷ ናት። ዓይኔ እንደጠፋ ቀረ።

ሰዉ «ወዶሽ እኮ ነው» ይለኛል። አውቃለሁ፤ የሚያንገበግበኝም መውደዱ ነው። ጠላቴ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። አሁን አርጅቷል። በየበዓሉ ወንጂ ሄጄ ጉንጩን እስማለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። እሱም ሁልጊዜ መጥቶ በቀኜ፣ በማላይበት በኩል ይቀመጣል። ይቅር በይኝ ብሎኝ አያውቅም። እኔም አንገቴን አዙሬ አይቼው አላውቅም።