በባሌ የተሳልኩት ስለት

ባሌ ዓምሃ ዊንጌት ጋ ጎሚስታ አለው። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን እስካምና ድረስ አንድም የጊዮርጊስ ጨዋታ አምልጦት አያውቅም፤ እኔን ግን ስንቴ ቀጥሮ ረስቶኛል። በሰርጋችን ቀን እንኳ ሚዜው ጆሮው ላይ ሬዲዮ ለጥፎ ውጤት ሲያንሾካሹክለት ነበር። የቡና ደጋፊ ጎማ ይዞ ከመጣ ይሠራለታል፣ አያናግረውም እንጂ። ጊዮርጊስ የተሸነፈ ዕለትማ ራት የለም፤ እኔ ያሸነፍኳቸው ይመስል ወጤን በክፉ ዓይን ያየዋል።

አምና በጥቅምት ልጃችን ጽጌረዳ ምጥ ጠናባትና ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰድናት። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት «ማርያም ማርያም» እያልኩ ከበሩ አልተነቃነቅኩም። ጭንቁ ሲብስብኝ «የእንጦጦዋ እመቤቴ፣ ልጄን በሰላም ገላግዪልኝ እንጂ ዓምሃ ዓመት ሙሉ የጊዮርጊስን ጨዋታ አያይም» ብዬ ተሳልኩ። የወርቅ ሀብሌ አንገቴ ላይ ነበረ፤ እሱን ግን አልተሳልኩም። በሰው ንብረት መሳል ቀላል ነው።

ወንድ ልጅ ተገላገለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ስናበቃ ለዓምሃ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። «እሺ» አለ፣ በቃ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ባለ ቁጥር ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ጓሮ ይወጣል። ጎረቤት ሲጮህ ማን እንዳገባ ሳያውቅ ጎመን ያጠጣል። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ሲያጠጣ አየሁትና አንጀቴን በላኝ።

በሰኔ ከቡና ጋር ዋንጫው የሚለይበት ጨዋታ ሲመጣ አላስችል አለኝና የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መምሬ ሰምተው ሲያበቁ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ገበያነሽ፣ ስለት ከራስ ነው። የሰውየውን ኳስ ስጪ ማን አለሽ? የራስሽን ስጪና ባልሽን ልቀቂው» አሉኝ። በጨዋታው ዕለት ጠዋት እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ሀብሌን ሰጠሁ። ስወርድ እንዴት እንደቀለለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤት የደረስኩት ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ዓምሃ የልጅ ልጁን ታቅፎ ተቀምጧል። «ሀብሌን ሰጥቻለሁ፣ መምሬም ፈቅደዋል፣ ነፃ ነህ» ብዬ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩለት። ልጁን እንዳቀፈ ተነሥቶ አጠፋው።

«ያንቺ ስለት ተከፈለ» አለኝ። «የኔስ?»

«የምን ያንተ?»

አቀርቅሮ ነገረኝ። ያን ቀን ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ ሲያይ እሱም ኮሪደሩ ጥግ ቆሞ ያንኑ ተስሏል፦ ልጁ ከተረፈችለት ዓመት ሙሉ ጊዮርጊስን ላያይ።

«ታዲያ የኔን ስነግርህ ለምን ዝም አልክ?»

«ሁለት ዓመት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነዋ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ከኳስ የሚያስበልጠው የለም እያልኩ ሳማው ኖሬአለሁ። አፈርኩ። ደግሞም ወደድኩት፣ ምን ልበል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤት በጩኸት ተናጋ። ዓምሃ ወደ መስኮቱ ዞር አለና መልሶ ልጁን ማየት ጀመረ።

«ሄደሽ እንዳትጠይቂ» አለኝ።

አልጠየቅኩም። ግን እኔ፣ ኳስ ክብ ከመሆኑ ሌላ የማላውቀው ሴትዮ፣ ማን እንዳገባ ለማወቅ ልሞት ነበር።