«ደህና ናቸው» ያልኩባቸው ዓመታት

«መቼ ጀመረሽ?» ነበር የዶክተሩ የመጀመሪያ ጥያቄ።

ያኔ የነገርኩት ጨፋ ሮቢት ገበያ የዋልኩበትን ቀን ነው። ዳቦ በሻይ እየበላሁ ነበር። አንዷ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ውሃ ጠጣሁ፤ አልወረደችም። ውሃው ራሱ ቆይቶ ነው የወረደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረቅ ነገር አልዋጥ አለኝ።

ያልነገርኩት ከዳቦው ትንሽ ቀደም ብሎ የሆነውን ነው። ወንድሜ በሬ እየነዳ በአጠገቤ አለፈ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩት። አልመለሰም። ከጎኔ የቆመችውን ሽንኩርት ሻጭ ግን ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿና ስለ ከብቶቿ አንድ በአንድ ጠየቃት። እኛ ዘንድ ሰው ለተጣላው እንኳ ሰላምታ ይመልሳል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እህቴ በወሊድ ሞተች። ሦስት ልጆች ቀሩ። በእኛ ቤት እንዲህ ሲሆን፣ ልጆቹ የእንጀራ እናት ፊት እንዳያዩ ተብሎ የሟች እህት ትገባለች፤ የእህቷን ባል ታገባለች ማለት ነው። ክፉ ታስቦ አይደለም። ሰውየውም ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ፣ ወገቤ ከማይደርሱ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገና ኮሌጅ ልገባ ነበር። ልጆቹን ላሳድግ፣ ሚስቱ ግን አልሆንም አልኩ። እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ወንድሜ ሊያግባቡን በተጠሩት ሽማግሌዎች ፊት «እህቶቼን ሁለቱንም ቀብሬያለሁ» አለ።

ልብሴን ይዤ ወጣሁ። ተምሬ ከሚሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዝኩ። የእናቴ ቤት በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። አንድ ዒድ ላይ ሄጄ በር አልተከፈተልኝም። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

ይህን ሁሉ ከሚሴ ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። እንዴት ቢባል፣ በሰላምታችን ምክንያት ነው። «አካም፣ ነጋ?» ይልሻል ሰው በኦሮምኛ፣ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው ለማለት፤ ከዚያ በአማርኛ ይቀጥላል፣ እናትሽ ደህና ናት፣ ወንድምሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። መልሱ አንድ ነው፤ ደህና ናቸው፣ አልሀምዱሊላህ። ቤት ውስጥ የታመመ ቢኖር እንኳ አስቀድሞ ደህና ይባላል፤ ክፉው ወሬ የሚነገረው ኋላ፣ አረፍ ሲባል ነው። እኔ እስከ ማረፉ ደርሼ አላውቅም። እናቴ በሕይወት መኖሯን ሳላውቅ ደህና ናት እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ሕመሙ ባሰ። ከዳቦ ቀጥሎ እንጀራ እምቢ አለ። ከዚያ ሩዝ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ተማሪዎች አዘኑልኝ። ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልኝ። ካንሰር ነው ብዬ ፈራሁ። የባሰው ፍርሃት ግን ሌላ ነበር፤ ብሞት ለማን እንደሚነገር አላውቅም።

ጉሮሮን በካሜራ ለሚያየው ምርመራ፣ ለኢንዶስኮፒ፣ «ሰው ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። ብቻዬን ሄድኩ። ወንድሜ ውጭ አለ ብዬ ዋሸሁ። ምርመራው አለቀ። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ አስታማሚዬን ጠራች። ደግማ ጠራች። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል። ማንም አልተነሳም። ሶላት ሄዶ ይሆናል አልኳት።

ዶክተሩ ውጤቱን አየ። «ጉሮሮሽ ውስጥ ምንም የለም። ዕጢም የለም፣ ቁስልም የለም» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የሐኪም ጥያቄ ነበር። እኔ እንደ ሰላምታ መለስኩለት።

«ደህና ናቸው፣ አልሀምዱሊላህ።»

ካርዱ ላይ ጻፈ። ለጨጓራ ይሆናል ብሎ ኦሜፕራዞል አዘዘልኝ። ወራት ወሰድኩ። ክኒኑም ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር።

ዛሬ እየበላሁ ነው። እዚያው ሐኪም ዘንድ ተመልሼ ያልነገርኩትን ስነግረው፣ ጉሮሮ ላይ አንድ ነገር የቆመ የሚመስለው ስሜት ግሎበስ እንደሚባል፣ ዕጢ ባይኖርም ሕመሙ የውሸት እንዳልሆነ፣ ከሥሩ ደግሞ ሳይታወቅ የቆየ ድብርት እንዳለብኝ አስረዳኝና፣ የድብርት መድኃኒት አስጀምሮ ለአእምሮ ጤና ነርስ አስተላለፈኝ። ከነርሷ ጋር ወሬው ከእህቴ ወደ እናቴ፣ ከእናቴ ወደ ራሴ እያለ ሲሄድ፣ በመጀመሪያ ሾርባው፣ ቀጥሎ ፍትፍቱ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላም ቆሎ ሳይቀር መውረድ ጀመረ። ቤተሰቤ አልታረቀኝም። ወንድሜን ገበያ ላይ ሳገኘው አሁንም ሰላም እለዋለሁ፤ አሁንም አይመልስም። ያን ቀን ያመኛል። በማግስቱ ሥራ እገባለሁ።

እንደኔ ከወገን ተቆርጣችሁ ለታመማችሁ የምለው ትንሽ ነው። ምርመራውን አትዝለሉ፤ የሚውጡት አልወርድ ሲል ሁሉም ሐዘን አይደለም፣ በሐኪም መታየት አለበት። ሐኪም ስለ ቤተሰብ ሲጠይቃችሁ ሰላምታ አይደለምና እውነቱን ንገሩት። ዒድና ሠርግ ሲመጣ ከቤት ተዘግታችሁ አትዋሉ፤ ከሌላ ሰው ጋር መዋል እናታችሁን መካድ አይደለም። «ሂጂና እግሯ ላይ ውደቂ» የሚላችሁን ሁሉ መስማት የለባችሁም፤ የምትሄዱ እንደሆነ ጉልበት ስታገኙ ትሄዳላችሁ። ዶክተሩንና ነርሷን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ያዳመጠኝ ሐኪም አልነበረም።

የቤት አከራዬ እትዬ ብርቄ ናቸው። በባላቸው ሥራ ምክንያት በወጣትነታቸው ከሚሴ ገብተው፣ ባላቸው ከሞቱም በኋላ እዚሁ የቀሩ ክርስቲያን ሲሆኑ፣ በኦሮምኛ ማንም አይቀድመኝም ባይ ናቸው። ያልዋጥኩትን ምግብ ለዶሮዎቻቸው ስደፋ ሲያዩ ከርመው ኖሯል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«አንች ልጅ፣ ዶሮዎቼ ባንች ምግብ ወፍረው እንቁላል መጣል ተዉ» አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«የእናትሽን ስልክ ስጭኝ።»

«አታነሳም፣ እትዬ።»

«ለእኔ ታነሳለች። እኔም እናት ነኝ።»

«የእኔን ስም ሲጠሩ ትዘጋብዎታለች።»

በርጩማውን ስበው ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ነገርኳቸው። የእህቴን ሞት፣ የሽማግሌዎቹን ቀን፣ ያልተከፈተውን በር፣ ኮሪደሩን። ተቀመጭ አላሉኝም፣ አታልቅሽ አላሉኝም። ስጨርስ፣ እናት እኮ ናት፣ ይቅርታ ጠይቂ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ልጆቹ ማን ማን ይባላሉ?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ስማቸውን ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።

«ትልቋ ሰሚራ ናት» አልኩ። «ቀጥሎ አብዱ።»

የሦስተኛዋ ስም አልወጣልኝም። እህቴ እሷን ወልዳ ነው የሞተችው፤ የእናቷን ስም ነው ያወጡላት።

እትዬ ብርቄ አላቻኮሉኝም። እስክጠራው ድረስ እዚያው ተቀምጠው ጠበቁኝ።