በብልቃጥ የመጣ ዘይት

ባለቤቴ በጣቱ ያልነካው ዘይት ወደ ሞተር ሳይክላችን ገብቶ አያውቅም ነበር። ጠብታውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አድርጎ በዝግታ ያሻዋል፤ ከዚያ ያሸተዋል፤ በመጨረሻ በጋዜጣ ቁራጭ ላይ ትንሽ ጠብ አድርጎ ፀሐይ ላይ ያኖረዋል። ንጹሕ ዘይት ወረቀቱ ላይ እኩል እየሰፋ ይሄዳል። ተጣርቶ ዳግም የተሸጠ ከሆነ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። እሱ ሲሠራ እኔ አጠገቡ ልብስ ሳሰጣ ያየሁት ነው።

የምንኖረው ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። ስንመጣ ዙሪያው የገብስ ማሳ ነበር፤ አሁን ብሎኬት ይመታበታል፣ በር ይበየድበታል። ባለቤቴ ዕድሜውን ለከብት ክትባት ሲሰጥ የኖረ የግብርና ሠራተኛ ነው። ሐኪም አልነበረም። በመናገሻ በኩል ያሉ ገበሬዎች ግን «ኦቦ ዶክተር» ይሉት ነበር፤ እሱም አላረማቸውም። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን በጨረታ ሸጠና ራሱ ሲነዳው የኖረውን ገዛ። ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ፈርቶ ሳይነጋ ሄዶ በሩ ላይ እንደቆመ አስታውሳለሁ።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ። ወራት ካለፉ በኋላ ጥቂት ቃላት ተመለሱለት፤ ግን ቦታ ቦታቸውን አልያዙም። እኔን ሲጠራ የእኅቱን ስም ይጠራል፤ ውሃ ሲፈልግ በር ይላል። «ይሁን» እና «አይሆንም» ብቻ ጥርት ብለው ይወጡ ነበር። ቤታችን በእነዚህ ሁለት ቃላት መተዳደር ጀመረ።

ሱሉልታ የምትኖረው ልጃችን ሞተሩን እንድንሸጠው መከረችን፤ ገዢም አመጣች። ባለቤቴ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አይቶ «አይሆንም» አለ። ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ስለዚህ ከጓሮ ክፍሎቻችን አንዱን የተከራየው ሰው እንዲነዳው ተስማማን። ይህ ሰው ከሆሳዕና የመጣ ነው፤ ሚስቱና ልጁ እዚያው ናቸው። ጸሎት የሚወድ ጴንጤ ነው፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። ቀድሞ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። በእኛ ሞተር ግን ጠዋት ጠዋት ከመናገሻ በኩል ካሉ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰበ ቡራዩ ላሉ ሱቆች ያደርስ ጀመር፤ ከሚያገኘውም ያካፍለናል። የባለቤቴ መድኃኒት የሚገዛው ከዚያ ነው። ገበሬዎቹ ሰውየውን ባያውቁትም ሞተሩን ያውቁታል፤ ወተታቸውን ያመኑት ለሞተሩ ነበር።

ለባለቤቴ የቀረለት ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ዘይቱን የሚመርጠው እሱ ነው።

ግዢው የእኔ ሆነ። የሞተር ዘይት ብዙ ዓይነት መሆኑን ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ነዳጅ ማደያ ውስጥ በመስታወት መደርደሪያ የሚቀመጥ አለ፤ ዋጋውን ጠይቄ አመስግኜ ወጥቻለሁ። መለዋወጫ ሱቆች የሚሸጡት ደግሞ ረከስ ይላል፤ ከመካከሉ ጥሩም ፎርጅድም ይገኛል፤ የታሸገበት ዕቃ ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ከውጭ አይለይም። ከሁሉ የሚረክሰው ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጠው ነው። ለአሮጌ መኪና ይበቃል ይላሉ። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ፍሪሲዮኑም በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ፣ ዘይቱ ካልተስማማው ይንሸራተታል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ተከራያችን በሌላ ሰው ሞተር እንዲህ ሆኖበት እንደነበር አጫውቶኛል። ዳገት መሐል ቆሞ ቀርቶ ከኋላው አሸዋ የጫነ መኪና ይመጣ ነበር። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም።

አስፋልቱ ዳር አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ አለ፤ ሱቁን የከፈቱት ከስልጤ የመጡት አባቱ ናቸው። ማሸጊያው የተከፈተ ዘይት አይመለስም። ባለቤቴ ግን በጤናው ጊዜ ከነጋዴው ጋር የለመደው አሠራር ነበረው። አጥቦ ያስቀመጣቸውን ባዶ የክትባት ብልቃጦች ይዞ ይሄዳል፤ ነጋዴው ከከፈታቸው ዘይቶች በየብልቃጡ ጥቂት ጥቂት ይቀዳለታል፤ ቤት አምጥቶ መርምሮ የወደደውን ተመልሶ ይገዛል። ከታመመ በኋላ ብልቃጦቹን የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ነጋዴው አልተሰላቸም፤ ይቀልድብኝ ነበር እንጂ።

«እናቴ፣ ዘይት ነው የሚመርጡት ወይስ ለልጃቸው ባል?»

ለልጁ ባል እንኳ እንዲህ አልመረመረም አልኩት። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው እሱም ሳቀ፤ በግራ በኩል ባለው አፉ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የለመድነው ዘይት ከገበያ ጠፋ። ነጋዴው በቦታው አዲስ የመጣ አሳየኝ፤ ዕቃው ላይ የሞተር ሳይክል ሥዕል አለበት። ዋጋው ከድሮው ከፍ ይላል። የበርሜሉን ዋጋ ጠየቅኩት። ነገረኝና፣ ለሞተርዎ ግን አልመክርዎትም አለ። ቢሆንም ባለቤቴ ይየው ብዬ ከሁለቱም አስቀዳሁ። እንዳይምታታብኝ በበርሜሉ ብልቃጥ አንገት ላይ ክር አሰርኩበት።

ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። የአዲሱን ዘይት ጠብታ በግራ እጁ ጣቶች አሸ፣ አሸተተ፣ «አይሆንም» አለ። የበርሜሉን አሸ፣ አሸተተ፣ «ይሁን» አለ።

ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። በጤናው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይወድ ነበር። አልሳቀም። በማግስቱ ክሩን ፈትቼ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ለራሴ ይዤ፣ እንደገና ሰጠሁት። ለሁለቱም «ይሁን» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሰጠው ለሁለቱም «አይሆንም» አለ። ጋዜጣውን አምጥቼ ከሁለቱም ጠብ አደረግኩ። የበርሜሉ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሠራ። ወረቀቱን ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ነጥቡን እያየ «ይሁን» አለኝ።

ጣቶቹ እንደ ወትሮው በዝግታ ነበር የሚያሹት። ፊቱም የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር። ይህ ነው ያስቸገረኝ። የምግብ ዘይት በብልቃጥ አድርጌ ልሰጠው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት።

ተከራያችን ከወተት ሲመለስ ጀሪካኖቹን እያጠበ ሳለ ነገርኩት። ውሃውን ዘግቶ ሰማኝ። አባባ የመረጡትን እናድርግ፣ እኔ ቀስ ብዬ እነዳለሁ አለኝ። ዳገቱን ስትወጣስ አልኩት። ወርጄ እገፋለሁ አለ።

«ሚስትህ ከሆሳዕና መጥታ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?»

የያዘውን ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጠ። እንግዲያው ጥሩውን ይግዙ አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ አባባ ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ። ከጠየቁኝ ግን መዋሸት አልችልም።»

አይጠይቅህም አልኩት። የሚጠይቅበት ቃል አለው ብዬ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዘይቱ ተቀየረ። አሮጌው ዘይት በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተንጠፈጠፈ። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ከዕቃው ላይ አንድ ጠብታ ለባለቤቴ መስጠት ልማድ ነበር፤ የተገዛው ራሱ የመረጠው መሆኑን የሚያረጋግጠው እንደዚያ ነው። ተከራያችንም አልዘለለውም። ጎንበስ ብሎ ጠብታውን አውራ ጣቱ ላይ አደረገለት። ባለቤቴ አሸው። ከወትሮው ይልቅ ቆየ። ዘይቱን ሳይሆን ሰውየውን ነበር የሚያየው። ምናልባት የአጎነባበሱን ሁኔታ ተጠራጥሮ ይሆናል፤ ብዙ ዓመት ከገበሬ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ የታመመ በሬ የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል።

«የኔ ነው?» አለ።

ተከራያችን ዕቃውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ቶሎ ብዬ ያንተ ነው አልኩት። ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞረም። ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ አልዋሸም፣ አልመለሰምም።

ባለቤቴ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። አንዱን ጠርጎ ሌላውን፤ ቆሻሻው አልለቅ እንዳለው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ጠረገ። ከዚያ በግራ እጁ ወደ እኔ አመለከተ።

«አንቺ ምረጪ።»

ከታመመ ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ የተያያዘ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቃላቱ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሌላ ቀን ቢሆን ለልጃችን ስልክ ደውዬ አባትሽ ተናገረ እላት ነበር።

ተከራያችን ዘይቱን ሞላ፣ ቆልፎ አስነሳው። ሞተሩ ጥሩ ድምፅ ነበረው። ዓይኑን በክንዱ ሲያሻሽ አይቼ ገብቼ ውሃ አመጣሁለት።

አሁን የምመርጠው እኔ ነኝ። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነባለሁ፣ ለሞተር ሳይክል የሚል መሆኑን አያለሁ፣ ማሸጊያውን እነካለሁ፣ እከፍላለሁ። ነጋዴው ብልቃጦቹ የት ደረሱ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ምርጫውን ለእኔ ትቶልኛል አልኩት። አልቀለደም፤ ዘይቱን ሁለት ጊዜ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሞተሩ ወተቱን ጭኖ ዳገቱን ይወጣል፤ ተከራያችን በሰላም ይመለሳል። የፈለግሁት ይህን ነበር፤ ሆኖልኛል።

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ መቀመጥ አልተወም። ዘይት የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ ግን ተከራያችን መፍቻዎቹን ሲያወጣ ያይና በእጁ ወደ ቤት ያመለክተኛል። ደግፌ አስገባዋለሁ። ውስጥ ሆነንም ሞተሩ ሲነሳ ይሰማል። እስኪጠፋ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ አብሬው እቀመጣለሁ።