ሽማግሌ የተላከለት ድራመር

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ሽማግሌዎች ባሌን ሊጠይቁ ቤታችን ሲመጡ። እናንተ ሳቁ፤ ግን ነገሩ እውነት ነው።

ባሌ ድራመር ነው፣ ታላቅ ወንድሜ ጊታሪስት። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሮክ የሚጫወት ባንድ ነበራቸው፤ አፍሯቸው በር አያስገባቸውም፣ ቤልቦተማቸው መንገድ ይጠርጋል። ተሰደው አሜሪካ፣ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ከገቡ በኋላ እንደገና ተሰባሰቡ። ለሠርግ ሲጠሩ ግን ገና ጊታሩ ሲጮህ የሙሽራዋ እናት ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች።

ወንድሜም "ስታይል ቼንጅ እናደርጋለን" አለና ኪቦርድ ገዛ። ኪቦርዱ ድራሙንም ራሱ ይመታል። አይደክምም፣ አያኮርፍም፣ ክትፎም አይበላም። ባሌ ቤቱ ገባ።

ከዚያማ ከሳኒቬል እስከ አልባኒ ያልተጠሩበት ሠርግ የለም! በሁሉም ያው አንድ ምት ነው፤ ሙሽሮቹ ቢቀያየሩ እንኳ ባንዱ አያውቅም።

አንድ ቀን ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ክለብ ያላቸው ፈረንጅ ወጣቶች የባንዱን የድሮ ሸክላ ሰምተው ለወንድሜ ደወሉ። "ልክ እንደ ድሮው ተጫወቱልን" አሉ። ድሮው ደግሞ ያለ ባሌ አይሆንም። ወንድሜ ራሱ ኮል ማድረግ አፍሮ ሦስት ሽማግሌ ላከ።

ሙሉ ልብስ ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ" አልኩ።

"እሺ ሳንባል አንቀመጥም" አሉ ትልቁ፣ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር። "ባለቤትሽን ለባንዳችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።"

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዘመድ ላማክር። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

"የምን ዘመድ? እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን አለህ?" አልኩት።

"ዝም በይ! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የት አየሽ?"

"አንተ ልጅ፣ ኮንሰርቱ እኮ የፊታችን ዓርብ ነው!" አሉ ኢንጂነሩ። ልጅ የተባለው ሰባን አልፏል።

"ደንብ ደንብ ነው፣ ጋሼ።"

ዓርብ ደረሰ። ባሌ ቤቱ ተቀምጦ ሁለተኛውን ሽምግልና ይጠብቃል፤ ወንድሜ ኪቦርዱን ተሸክሞ መድረክ ወጣ። ሮክ ሊሰሙ የመጡት ልጆች የሠርግ ምት ሲመጣባቸው እርስ በርስ ተያዩ። በሦስተኛው ዘፈን ግማሹ ሰው ወጣ። በአምስተኛው እኔና አስተናጋጇ ቀረን፤ እሷም ሥራዋ ሆኖባት ነው።

በማግስቱ ወንድሜ ከሳን ሆዜ ብቻውን ነድቶ መጣ። ባሌን በራፍ ላይ ይቅርታ ጠየቀው፤ ባሌም ሁለት ሳምንት ሳይጠብቅ እሺ አለ። ከዚያም ወንድሜ ይዞት ክለቡ ሄደና ሌላ ቀን እንዲሰጧቸው ለመነ።