በሁዳዴ የተበላ እንቁላል

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ልጄን ኳስ ማሠልጠኛ ላስገባት ወይስ ልተወው ብላ አማከረችኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ከብዙ ልጆች መሀል ተመርጣለች። እናትየው ግን ትምህርቷ፣ ጉልበቷ፣ እሁዷ እያለች ጣቶቿን ታጥፋለች። ጥቅሙን በአንድ እጇ፣ ጉዳቱን በሌላው ቆጥራ ስትጨርስ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። እኔ ሻይዬን ማማሰል ቀጠልኩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

እኔም አንድ ጊዜ ተመርጬ ነበር። የተመረጥኩበት ሜዳ ዛሬ የለም። ሩዋንዳ በምንለው ሰፈር በኩል፣ አሁን ፎቅና እንግዳ ማረፊያ በተደረደረበት ቦታ ነበር። በታክሲ ሳልፍ ልቤ የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ይሞክራል፤ እዚህ ጋ ይሆን፣ ከዚያ ሕንፃ ሥር ይሆን እያልኩ መውረጃዬን አልፌ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ጭራሽ ያለምኩት ይመስለኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ቤታችን ከወሎ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ጎህ ሲቀድ ቱታዬን ለብሼ ስወጣ መንገዱ ላይ ጉም ተኝቶ ነው የማገኘው። ሜዳው ላይ እስክደርስ እግሬ በጤዛ ይርሳል። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የላም ቀንድ፣ ከዚያ የግብ ቋሚ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጓደኞቼ ብቅ ብቅ ይላሉ። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲመጣ ሆዱ እስኪታየን ዝቅ ብሎ በላያችን ያልፋል። ያን ጊዜ የአሠልጣኙ ፊሽካ አይሰማም፣ ጩኸታችን አይሰማም፣ አፍ ብቻ ይከፈታል፤ ኳሷ ግን ያለ ድምፅ መንከባለሏን ትቀጥላለች። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ማጋነን አይደለም።

ሴት ልጅ ኳስ እንድትጫወት ያሰበ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። የቀበሌው ካድሬ ስለ ሴቶች እኩልነት ረጅም ንግግር አደረገና ሲጨርስ ከጠረጴዛው ሥር ኳስ አውጥቶ ሰጠን። ንግግሩን የሰማነው ኳሱን እያየን ነው። እኔ ግራ እግረኛ ነበርኩ፤ ሌላ ግራ እግረኛ ስላልነበረ ከቀበሌው ቡድን ብዙ ቀበሌዎችን ወደሚያቅፈው ወደ ከፍተኛው፣ ከዚያም ወደ ከተማው ምርጥ ቡድን በቶሎ ደረስኩ። ከፋሲካ በኋላ ምርጦቹ ክፍለ ሀገር ወርደው ሊወዳደሩ ነው። ማን እንደሚሄድ የሚለየው በሁዳዴ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከወሎ ሰፈር ወዲያ የማውቀው አገር አልነበረኝም፤ መሄድ አማረኝ፤ እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር አውቶቡስ እሳፈር ነበር።

አባቴ ኤርፖርት ጭነት ክፍል መዛኝ ነበር። ሥራው ከደሙ ጋር ስለተዋሐደ ሚዛን ላይ ያላወጣውን ነገር አያምንም። አንድ እሁድ ከሰዓት እናቴን አጠገቡ አስቀምጦ «እስቲ እንመዝነው» አለ። ቱታና ሸራ ጫማ ይሰጧታል፤ በየቀኑ አንድ እንቁላል ትበላለች፤ አገር ታያለች። ይህ ባንድ በኩል ነው። በሌላ በኩል ፈተና አለባት፤ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ጉልበቷ ይሰበራል፤ ወንዳወንድ ይሏታል። ዘይትና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በምናገኝበት ጊዜ የእንቁላሉ ነገር ከብዶ ነበር፤ አባቴም ወደዚያው አዘንብሏል። እናቴ እስኪጨርስ ጠብቃ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረች።

«ጾሟን እንዳትሽር። ሌላው ይደረስበታል።»

እሺ አልኩ። ምን አስቸግሮኝ፣ ጾም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የለመድኩት ነው።

አሁን ስለ እንቁላሉ ልናገር። አሠልጣኛችን ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ልምምድ ሲያልቅ በባልዲ የተቀቀለ እንቁላል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨው ይዞ ይመጣል። እንቁላሉን ዓይኑ እያየ ሳንውጥ ከሜዳው ንቅንቅ የለም። ደንቡን ያወጣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሁላችንም ለታናናሾቻችን ይዘን መሄዳችንን ደርሶበት። ከዚያ በኋላ እንደ ሐኪም አፋችንን እያስከፈተ ያይ ጀመር። እኛም እንስቅበታለን፣ እሱ ግን አይስቅም።

ሁዳዴ የገባ ሰኞ እንቁላሉ የሚቀር መስሎን ነበር። ባልዲው መጣ። እርስ በርስ ተያየን። አሠልጣኙን በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«በዚህ ሩጫ ላይ ብትጾሙ ትወድቃላችሁ» አለ። «የወደቀች ደግሞ ከዝርዝሩ ትወጣለች። እኔ የምላችሁ ይኼን ብቻ ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሱ ባልዲው ውስጥ እጁን ከትቶ አንድ እንቁላል አወጣ፣ ላጠ፣ ያለ ጨው በላው። «የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አለ። ከእኛ መሀል ሁለት ሙስሊም ልጆች ነበሩ። እነሱ የራሳቸውን ይዘው ጀርባቸውን አዞሩልን፤ ስንበላ እንዳያዩን ብለው ነው። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በሜዳው ጠርዝ ያልፍ ስለነበር ቅርፊቱን መሬት ላይ አልጣልንም። ሁላችንም ኪሳችን ከተትነው።

በላሁ። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ጣፈጠኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ሆንኩ። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። የግራውን መስመር ይዤ ስወርድ ሣሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ማንም አይደርስብኝም። አሠልጣኙ አንድ ቀን ስሜን ሳይጠራ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ አለፈ። ከእሱ ይህ ብዙ ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ከእናቴ ጋር ሽሮ ለመብላት እቀርባለሁ። ጾምሽ ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አልተናገርኩም። ባለመናገሬ ያልዋሸሁ ይመስለኝ ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብልጠት ይኼው ነው።

በስድስተኛው ሳምንት እናቴ ቀበሌ ሱቅ የዘይት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ጎረቤቶች ደግፈው አመጧት። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋ ላይ ተጋድማ ደህና ነኝ ትላለች፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ነበር። ወደ ጓሮ ወጣሁ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያለ ምክንያት ያሥራል ይፈታል።

«ምን ሆና ነው?» አልኩት።

«እንዳልነግርሽ ብላኛለች።»

«አባዬ።»

«እስከ ማታ ነው የምትጾመው» አለ። «በዘጠኝ ሰዓት ካንቺ ጋር የምትቀርበው ለመምሰል ነው፤ እስቲ አስታውሺ፣ ስትጎርስ አይተሻታል? በሁለተኛው ሳምንት ቱታሽን ልታጥብ ስትል ኪስሽ ውስጥ ቅርፊት አገኘች። ከዚያ ጀምሮ አንቺ የሻርሽውን እኔ እጾምላታለሁ ብላ ይዛዋለች።»

አስታወስኩ። ሁልጊዜ ትሪውን ወደ እኔ ስትገፋ ነበር የማያት። እፍረቱ ከጆሮዬ ጀምሮ ወረደኝ። እዚያው ገብቼ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ፤ አላደረግሁትም። አባቴን አጋልጠዋለሁ ብዬ ነው፣ ደግሞም ፈራሁ። በምትኩ ነገሩን በራሴ መንገድ ላስተካክል አሰብኩ፤ እንቁላሉ ከቀረ ጾሟም ይቀራል ብዬ።

በማግስቱ አሠልጣኙን ከልምምድ በፊት ጠብቄ «ጋሼ፣ እኔን ከዝርዝሩ ያውጡኝ» አልኩት።

«ምን ሆነሽ?»

«ፈተና አለብኝ።»

ከፈለግሽ እንቁላሉን ተይው፣ እንዲሁ ሩጪ እንዲለኝ ጠበቅሁ፤ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። «ግራ እግር ከየት አመጣለሁ?» አለና ወረቀቱን አወጣ። በስሜ ላይ መስመር አሰመረ። በኔ ቦታ ሌላ ልጅ ገባች።

ከዚያ ወዲህ፣ ከዝርዝሩ መውጣቴን ቤት እንዳያውቁብኝ፣ ጠዋት ጠዋት ቱታዬን ለብሼ እንደወትሮው እወጣና የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ አጠናለሁ። ቀድሞ ሳልጾም የጾምኩ መስዬ ነበር፤ አሁን እየጾምኩ ያልጾምኩ መሰልኩ። ለእናቴ ግን ምልክት እተውላት ነበር። የቱታዬን ኪስ ወደ ውጭ ገልብጬ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ባዶውን አይታ ይገባታል ብዬ። እሷ ኪሱን መልሳ ታስገባና ታጥበዋለች። ሕማማት አለፈ። ፋሲካ ዶሮ በላን። እሷ ቀጥና ነበር፤ እኔ ደግሞ እፎይ ብዬ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስገባ አልጋዬ ላይ ሻንጣ አገኘሁ። ከአሮጌ መጋረጃችን የተሰፋ ነው፤ ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተጠናክሮ ተሰፍቷል። ውስጡ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ አዲስ የውስጥ ልብስ አለበት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች፤ ደስታዬን ልታይ ነው።

«መቼ ነው የምትሄዱት?» አለች።

እዚያው ነገርኳት። እንቁላሉን፣ አባቴን፣ ዝርዝሩን፣ የአጥሩን ሥር፣ ሁሉንም። ቆማ ሰማችኝና ስጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከተውሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ።»

«እኔ እስከ ስቅለት ድረስ በየቀኑ እስከ ማታ ነው የጾምኩት» አለች ቀስ ብላ። «ኪስሽ ባዶ ሲሆን ቅርፊቱን መደበቅ ለመደች ብዬ ነው።»

«እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው የተውኩት፣ እማዬ።»

«እኔስ ለምን የጾምኩ መሰለሽ? አንቺን ለመቅጣት? ብናገርሽ እንደምትተዪው አውቃለሁ። እንዳትተዪው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ እየበላሽ እንድትሮጪ፣ እኔ ደግሞ ካምላክሽ እንዳስታርቅሽ ብዬ ነው።»

ከዚህ በኋላ ተቆጣች። እናቴ ስትቆጣ አትጮህም፤ ዕቃ ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች። ሻንጣውን አጥፋ ቁም ሣጥን ላይ ጣለችው፣ መልሳ አወረደችው። ከዚያ «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ሜዳውን አታውቀውም፤ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። ቢሆንም መንገዱን እኔ አልመራኋትም። ጉሙ መነሣት ጀምሮ ነበር። ልጆቹ ለጉዞ ሊዘጋጁ ስለተበተኑ አሠልጣኙ ብቻውን ኳሶቹን መረብ ውስጥ ይከታል።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷን ይመልሷት።»

«እትዬ፣ ዝርዝሩ ማኅተም ተመትቶበት ሄዷል። የተላከ ስም አይለወጥም።»

«አንድም መንገድ የለም?»

«ቢኖር እኔው ራሴ ቤታችሁ እመጣ ነበር» አለ። እውነቱን መሆኑ ያስታውቃል።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። የምንመለስ መስሎኝ ዞርኩ። እሷ ግን ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ስታይ ቆይታ «በየት በኩል ነበር የምትጫወተው?» አለችው። እሱም የግራውን መስመር አሳያት። ሄደች፤ ከመስመሩ ወጣ ብላ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋ እንዳይርስ እንኳ አልሰበሰበችውም።

«አሳዪኝ» አለችኝ።

አሠልጣኙ ምንም ሳይል ከመረቡ አንድ ኳስ አውጥቶ ወደ እኔ አንከባለለው። አፍሬ ነበር፤ እግሬም ለሦስት ሳምንት ያህል ስላልሮጠ እንጨት ሆኗል። መጀመሪያ ኳሱ አመለጠኝ። መልሼ ያዝኩት፣ መስመሩን ይዤ ወረድኩ፤ ግማሹን ሜዳ ሳልፍ እግሬ ተፈታ። እናቴ የተቀመጠችበት ጋ ስደርስ ነፋሴ ነጠላዋን ነካው። አለፍኳት፣ ወደ ውስጥ ቆረጥኩ፣ በግራዬ መታሁት። ኳሱ ቋሚውን ታክኮ ገባ። እየሳቅሁ ዞርኩ፤ የምስቅ መሆኔን ያወቅሁት እሷን ሳያት ነው።

እናቴ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። እያለከለክሁ አጠገቧ ስደርስ አወረደቻቸው።

«ይኼን ነው ያስጣልኩሽ?» አለች።