ወንድሜ ፎቶ የሚነሳበት ድልድይ

አሁን ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ባስ ውስጥ ሆኜ ዜና ስከፍት የወንድሜን ድልድይ ጎርፍ ሲውጠው አየሁ።

ወንድሜ ሳሚ ፈረንሳይ፣ ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ጥገኝነት ጠይቆ እየጠበቀ ነው። በየእሁዱ ከዚያ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ላይ ፎቶ ይልክልኛል። "እዚህ ፀሐይ የምትታየው ከቀትር በኋላ ነው፤ ተራራው ይይዛታል" ይለኛል። የከተማዋን ታሪክ ከአስጎብኚ በላይ ያውቃል፤ ሥራ የለውማ!

ደጋግሜ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው።

እማዬ ደግሞ ሳሚ ለንደን ከእኔ ጋር የሚኖር ነው የሚመስላት። እንዳትጨነቅ ብለን ዋሽተናታል። ይኸው ደወለች።

"እስቲ ሳሚን አገናኚኝ።"

"ሻወር ገብቷል፣ እማዬ።"

"እጠብቀዋለሁ።"

የከተማዋን ስም ኮሜንት ላይ ጽፌዋለሁ። እዚያ ሐበሻ የምታውቁ፣ በእናታችሁ!

ለእናታችሁ እንዲህ የዋሻችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እውነቱን በምን አፍ ነገራችኋት? ቶሎ በሉኝ። እማዬ አልዘጋችም።