ከባንኩ በር ውጭ

የባለቤቴ የኡጁሉ መርዶ የደረሰኝ የከተማው ተኩስ ጋብ ባለበት ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ የባንኩ ቅርንጫፍ ጥበቃ ነበር። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ግቢያችን ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ በሩን ከውስጥ እንዳስቆለፈ፣ ኡጁሉ ከውጭ ተመትቶ ጥቂት እንዳንኳኳ፣ ከዚያ ግን ዝም እንዳለ እያለቀሰች ነገረችኝ። ለምን ዝም እንዳለ አልገባትም። እኔ ገባኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ የዚያው ቅርንጫፍ ዘበኛ ነበር፤ በሰፈራ መጥቶ እርሻውን የተወ ሰው። ያኔ ማታ ማታ፣ ለወባ ትንኝ በሚያጨሰው ኩበት ዙሪያ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ የባንኩን ታሪክ ያወራልን ነበር፤ ባሮ ዳር በቆርቆሮ መጋዘን እንደተከፈተ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲገባ ብሩን በታንኳ እንዳሸሹት፣ ኋላም ባለብረት በሩ ቤት እንደተሠራ። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፋኖሱ የአባቴን ግማሽ ፊት ብቻ እያሳየን፣ ሁላችንም የምንጠብቀው ግን ባንኩ በር ላይ ተኩስ የተከፈተበትን ቀን ታሪክ ነበር። ያን ቀን አባቴ ክንዱን ተመትቶ በሩን ሲደበድብ፣ የያኔው ሥራ አስኪያጅ ከውስጥ ሆኖ፣ «ዝም በል እንጂ ሰውዬ፤ አንተ ከጮህክ እኮ እዚህ ሰው መኖሩን ያውቃሉ» አለው። አባቴ የአለቃውን ቀጭን ድምፅ ሲያስመስል በሳቅ እንፈርስ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ኡጁሉ ብቻ አይስቅም። አንድ ማታ፣ «ከዚያስ አባባ፣ ከፈቱልህ?» አለው።

«ሲነጋማ ከፈቱ። ደንበኛ ሳይመጣ ደረጃውን እጠብ አሉኝ፤ በደህናው እጄ አጠብኩት። ባንኩም በሰዓቱ ሥራ ጀመረ። ዘበኛ ማለት ይኼ ነው።»

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ኡጁሉን እጁን ይዞ ወስዶ ያስቀጠረው፣ በሩ ላይ አቋቋሙን ያሳየውም ራሱ ነው።

መርዶው በመጣ ቀን አባቴ ከወንበሩ ቀና ብሎ ልጅቷን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«በሩስ?»

«አልተሰበረም፣ አባባ።»

«ጎበዝ ልጅ ነበር» አለ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ልጆች ከበቡት፤ ታሪኩን ኡጁሉን ጨምሮበት ጀመረላቸው፣ በዚያው በቀጭኑ ድምፅ። ልጆቻችን ከፊት ተቀምጠዋል፤ ትንሿ ሳቀች። ተነሥቼ በለቀስተኛው ፊት እየጎተትኩ አወጣኋቸው። አባቴ ምን እንዳስቆጣኝ እስካሁን ይጠይቃል።

ከዚያ ሁሉ ማታ የቀረልኝ የራሴ ሳቅ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይሰማኛል።

በኡጁሉ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ በእኔ ይጸለያል። ይህን የምታነቡ ሁሉ እንደየእምነታችሁ ነፍሱን አስቡልኝ፤ ስትጸልዩለትም ድምፃችሁን አታፍኑ።